ሱልጣኑ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ነበረበት

ባለቤቴ ድሬዳዋ በሄደ ቁጥር እኔ ያዘዝኩትን ረስቶ ራሱን ያሰኘውን ይዞ የሚመለስ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ የሻይ ማጥለያ ግዛልኝ ብዬ ብልከው ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱ ላይ ያለው በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የኖረ የአንድ አውሮፓዊ የሙዚቃ ደራሲ ኦፔራ ነው። እሱ የፊዚክስ መምህር፣ እኔ የታሪክ፤ ስለ ኦፔራ ሁለታችንም የምናውቀው ነገር አልነበረም። ቴፑ ውስጥ ከትቶ ሲከፍተው ኩሽና ሆኜ ስሰማ ጣቷ በር መሃል የተያዘባት ሴት የምትጮህ ነው የመሰለኝ። በሁለተኛው ቀን ግን ሽንኩርቱን ትቼ እያዳመጥኩ ነበር።

ካሴቱ ሳጥን ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈች እጥፍጥፍ ያለች ወረቀት ነበረች። ባለቤቴ አንድ ዘፈን ሲያልቅ ቴፑን ያቆምና ታሪኩን ከወረቀቷ እያነበበ ለልጃችን ይተርክላታል። ልጃችን ያኔ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከእሷ ሌላ ልጅ የለንም። ታሪኩ በአንድ ሱልጣን ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ተማርኮ ባሪያ የሆነ አንድ ወጣት አለ። ሱልጣኑ ለራሱ ያሰባት ሴት ይህን ወጣት ትወደዋለች። የባሪያዎቹ አለቃ የሱልጣኑ የገዛ ሰው ነው፤ ግን ያዝንላቸውና እንዲያመልጡ ይረዳቸዋል። ያመልጣሉ፣ ይያዛሉ። ሱልጣኑ በቁጣ ይነዳል፤ ይለምኑታል፣ እምቢ ይላል። በመጨረሻ አራቱም በአንድ ላይ፣ እያንዳንዱ የየራሱን ቃል ይዘፍናል። ከዚያ ቴፑ ሽሽሽ ይላል።

"ተሸወድክ" አልኩት። "መጨረሻውን ቆርጠው ነው የሸጡልህ።"

ወረቀቷን እስከ ታች አነበባት። ማንም አልቆረጠውም። ሙዚቃው ራሱ እዚያ ላይ ነው የቆመው፤ ደራሲው ሌላ ሥራ መጣለትና ይህንን አስቀመጠው፣ ከዚያ በኋላ ተመልሶ አልነካውም።

ልጄ "ከዚያስ? ማራቸው?" አለች።

"አልጨረሰውም" አላት አባቷ።

በንዴት አለቀሰች። ያለቀሰችው ለምርኮኞቹ አዝና አይመስለኝም፣ ሰው የጀመረውን ሳይጨርስ መሄዱ ነው ያናደዳት። በማግስቱ ራሷ ጨረሰችው፤ ሱልጣኑን ጥርሱን ያመዋል፣ ምርኮኛው ይነቅልለታል፣ ሁሉም ይማራሉ። በኋላ ነርስ ስትሆን አባቷ ያንን ጥርስ እያነሳ ይስቅባት ነበር።

ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ልጄ ካገባች ደግሞ ሦስት ዓመት ሆናት፤ በእነዚህ ሦስት ዓመታት ውስጥ እኔና እሷ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የማን ነው ብትሉኝ ያኔ ያለ ጥርጥር የእሷ ነው እላችሁ ነበር።

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ እዚህ ከተማ ተመድቤ ስመጣ የከተማው ሰው ሁሉ አሰበ ተፈሪ ነበር የሚላት፤ እኔም እስከ ዛሬ አፌ ላይ የሚመጣው እሱ ነው። ልጄ ጭሮ ነው የምትለው። እዚሁ ተወልዳ ኦሮምኛዋ የአገሬው ሆነ፣ የእኔ ግን ከገበያ ኦሮምኛ አላለፈም። ነርስ ሆና ገለምሶ ስትመደብ ቅርብ ናት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። እዚያ አንድ የሒሳብ መምህር ተዋወቀች። የገለምሶ ልጅ ነው፣ ሙስሊም ነው። ነገሩን የነገረችኝ ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ነው። "እማዬ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ልንፈራረም ነው። እሱም በሃይማኖቱ፣ እኔም በሃይማኖቴ" አለችኝ።

የመለስኩላትን ሁሉ መጻፍ አልፈልግም። መጨረሻ ላይ ያልኳት ግን "ከዚህ በር ከወጣሽ እኔ ልጅ አልወለድኩም" ነው። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ለሰው ሁሉ ምክንያቱ ሃይማኖት ነው ብዬ አወራሁ። እሱም ነበረበት፣ አልዋሽም። የበለጠ ያቃጠለኝ ግን ከሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ መሆኔ ነው። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ ዘበኛ እንኳ ከእኔ በፊት ያውቅ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲፈጠር እዚህ አገር የልጁ ወገኖች ሽማግሌ ይልካሉ። ሽማግሌዎቹ መጥተው ይቆማሉ። ወንበር ቢቀርብላቸው አይቀመጡም፣ ውሃ ቢሰጣቸው አይጠጡም፤ "እሺ በይንና እንቀመጣለን" ነው የሚሉት። የቤቱ ባለቤት "ተቀመጡ" ካለና እነሱ ከተቀመጡ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ ተመርቆ ይነሳል፣ ወደ ኋላ የለም። ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። በሦስተኛውም እምቢ ከተባሉ አራተኛ መላክ ውርደት ስለሆነ በሩ ለዘለዓለሙ ይዘጋል። እኔ ጋ ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለት ጊዜ መልሻቸዋለሁ። የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፣ ልጄም እኔም ይህን እናውቃለን።

በዚያ መሃል አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። ከመምህራን ጋር ወደ ገለምሶ መንገድ ባለችው በደሳ ከተማ ለቅሶ ደርሰን ስንመለስ የገበያ ቀን ነበርና ቲማቲም ስትመርጥ አየኋት። ከስታለች። እሷ እንዳታየኝ ጫት የጫነ አይሱዙ ጀርባ ሄጄ ተደበቅኩ። ሹፌሩ "እናት፣ ልንነሳ ነው፣ ዞር በይ" ሲለኝ፣ እኔ ደግሞ ከመኪናው ጋር አብሬ እየተራመድኩ እሷን እስካልፍ ድረስ ተጠግቼው ሄድኩ። ሃምሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት፣ የታሪክ መምህርት፣ በመኪና ተከልዬ የገዛ ልጄን ሸሸሁ። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ በማልቀሴ ተናደድኩ።

እኔ የማስተምረው አሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ዘመነ አብርሆት የሚባለውን ምዕራፍ ሃያ ምናምን ጊዜ አስተምሬዋለሁ። ሰው በአእምሮው ይመርምር፣ ገዢም በሕግ ይታሰር፣ አንዱ የሌላውን ሃይማኖት ይቻል፣ ሰው ሁሉ ሲወለድ እኩል ነው። መጽሐፉ እንግሊዝኛ፣ እኔ የማብራራው በአማርኛ፣ እነሱ እርስ በርስ የሚከራከሩት በኦሮምኛ። ሰሌዳው ላይ "መቻቻል" ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ የእጄን ጠመኔ አራግፌ ወደዚያ ዝግ ቤቴ ስሄድ አንድም ቀን አልከበደኝም።

ባለፈው ዓመት ይኸው ምዕራፍ ሲደርስ ያ ካሴት ትዝ አለኝ። ሙዚቃውን በስልኬ ፈልጌ አገኘሁት፣ ከሚኒ ሚዲያ ክበቡ ስፒከር ተዋስኩና ክፍል ውስጥ ከፈትኩላቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ እኔም ስቄ ስለነበር አልተቆጣሁም። ታሪኩን ነገርኳቸው፣ የቆመበትንም ቦታ አሰማኋቸው። ከዚያ "የዚያ ዘመን ሰው ብትሆኑ እንዴት ትጨርሱታላችሁ?" ብዬ ጠየቅኩ። ከመጽሐፉ የምጠብቀው መልስ ሱልጣኑ አእምሮውን ተጠቅሞ ይራራል የሚል ነው። ያው ደራሲ በኋላ ተመሳሳይ ታሪክ ያለው ሌላ ኦፔራ ሠርቶ እዚያ ላይ ጌታው ምሕረት እንደሚያደርግ አንብቤ ነበር።

ከፊት የሚቀመጥ አንድ ረጅም ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ጨካኝ ሰው ሲፈልጉ ለምንድነው ሁልጊዜ ሱልጣን የሚያደርጉት?" አለኝ።

ተንተባተብኩ። በመጨረሻ ግን እውነቱን ነገርኩት፤ ሰው ሁሉ እኩል ነው ብለው የጻፉት እነዚያው ሰዎች ክፉ ሲያስፈልጋቸው የመረጡት ጥምጥም የሚጠመጥመውን ሙስሊም ጎረቤታቸውን ነው አልኩት። ስለዚህኛው ሱልጣን ግን አንድ ነገር ጨመርኩ። ደራሲው ለእሱም ዘፈን ሰጥቶታል፤ ተከድቷል፣ ያከበራት ሴት ጥላው ሄዳለች፣ ሁሉ ሰው ሲያውቅ እሱ ነው መጨረሻ የሰማው። ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም፤ ሱልጣኑ ሁልጊዜ ይገባኝ ነበር።

አንዲት ተማሪ ደግሞ ሳይፈቀድላት ገባች። "ቢምራቸውስ ምን ዋጋ አለው? የሚምር ጌታ እኮ ያው ጌታ ነው። ነገ ቢናደድስ?"

ሳስብ ከኋላ ወንበር አንዱ "ሽማግሌ አልላኩም እንዴ?" አለ፤ ክፍሉ በአንዴ ተነሳ። እውነት ነው! ራሱ ያጠፋው ሰው ሄዶ ይለምናል እንዴ? የሱልጣኑስ ጎረቤት የለም? የአገር ጃርሳ የለም? ጃርሳ የሚሉት ሽማግሌን ነው። እየተቀባበሉ ሄደው መጨረሻ ላይ አንድ ድምዳሜ ደረሱ፤ ደራሲው ኦፔራውን ያልጨረሰው ሌላ ሥራ መጥቶለት አይደለም፣ ቸግሮት ነው። ሽማግሌ የሚባል ነገር ስለማያውቅ፣ በቁጣ ዙፋን ላይ የተቀመጠን ሰው ማን እንደሚያወርደው ጠፍቶበት ነው። ያ ሁሉ ምሁር ስለዚህ ሥራ የጻፈውን አላነበብኩም፤ የእኔ ተማሪዎች ያሉትን ግን ማንም የጻፈ አይመስለኝም።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ለወላጆች ቀን ድራማ አድርገን እንሥራው አሉ፣ ድርሰቱ ለእኔ ተሰጠ። ረጅሙ ልጅ ሱልጣን ሆነ፤ "ደህና ሱልጣን ነው የምሆነው" ብሎ አስጠንቅቆኛል። ያቺ ተከራካሪዋ ልጅ ምርኮኛዋ ሴት ሆነች፣ ሁለት ገጽ የሚሆን ንግግር ጻፍኩላት። መጨረሻውን እነሱ ባሉት ጨረስኩት፤ ሽማግሌዎች ሱልጣኑ ፊት ይቆማሉ። ሱልጣኑ ግን ሁለት ጊዜ እምቢ ይላል፣ በሦስተኛው ነው እሺ የሚለው። ለምን ሁለት ጊዜ ሲሉኝ ድራማ እንዲህ ቶሎ አያልቅም አልኳቸው። እውነቱን ለመናገር ሱልጣኑ በመጀመሪያው እሺ ቢል እኔን የሚያሳጣኝ መስሎኝ ነው።

አንድ ነገር ላይ አልተስማማንም። ወጣት ሽማግሌ መሆን አይችልም አሉ፤ ጥጥ አገጩ ላይ ለጥፎ ቢመጣ ወላጅ ይስቃል። "እውነተኛ ሽማግሌ እናመጣለን" አሉኝ። ድርሰቱን መቼ ሊያጠኑት ነው ብላቸው "ቲቸር፣ እነሱ ምን ያጠናሉ? ሥራቸው እኮ ነው" አሉ። ተውኳቸው።

በወላጆች ቀን ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ከየጎረቤቱ ተለመነ። ዙፋኑ የርዕሰ መምህሩ ባለመደገፊያ ወንበር ነው፣ ቀይ መጋረጃ አልብሰነዋል። እኔ ድርሰቱን ይዤ መድረኩ ጎን፣ ከመጋረጃው ጥግ ተቀመጥኩ። ሁሉም ደህና ሄደ፤ ተዋደዱ፣ አመለጡ፣ ተያዙ። ሱልጣኑ እንደ ጉድ ተቆጣ፣ እናቱ ከታች "ወይ ጉዴ!" ስትል ተሰማ። ከዚያ ሦስቱ ሽማግሌዎች ገቡ። ሁለቱ አጠር ያሉ ናቸው፤ መሃል ያሉት ረጅም፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያሸረጡ፣ በትር የያዙ ሰው ናቸው።

"አሰላሙ አለይኩም" አሉ።

እዚህ ላይ ሱልጣኑ "ማን አስገባችሁ!" ብሎ መጮህ ነበረበት። ልጁ ከዙፋኑ ዘሎ ተነሳ። "ወአለይኩም ሰላም፣ ኖር አባባ!" አለ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ከጥግ ሆኜ ተቀመጥ እያልኩ በእጄ አመለከትኩት፤ እሱ ግን እንዴት ብሎ ይቀመጥ።

ሽማግሌው ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። "ልጄ፣ እነዚህ ልጆች አጥፍተዋል" አሉ። "አጥፍተዋል ነው የምንልህ፣ አላጠፉም አንልም። አንተም ተበድለሃል፣ ዱጋ ነው፣ እውነት ነው። አሁን አውፍ በል፣ ይቅር በላቸው። እሺ በለንና እንቀመጥ።"

ልጁ ወደ እኔ አየ። በከንፈሬ "እምቢ" አልኩት፤ እንዳይረሳው ሁለት ጣቴን አወጣሁለት። ሽማግሌዎቹን አየ።

"እሺ አባባ" አለ። "አውፍ ብያለሁ። ተቀመጡ።"

ጭብጨባው ቀለጠ። ግማሽ ሰዓት የታሰበለት ትዕይንት በሁለት ደቂቃ አለቀ። ምርኮኛዋ ሁለት ሳምንት ያጠናችውን ንግግር እንደያዘች ቀረች፤ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ረጅሙ ሰውዬ ግን አልተቀመጡም።

"አባባ፣ እሺ ብያለሁ እኮ" አለ ልጁ ግራ ገብቶት።

"ሰማሁ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። አንተ ጨርሰሃል" አሉት፤ እንደቆሙ ቀሩ። ሰው የድራማው ክፍል መስሎት እንደገና አጨበጨበ፣ መጋረጃው ተዘጋ።

ልጁን መጋረጃው ጀርባ ያዝኩት። "ሁለት ጊዜ እምቢ በል አላልኩህም?"

"ቲቸር፣ ፊቴ ቆመው እኮ ነው!" አለኝ። ዓይኑ እንባ አዝሏል። "ፊቴ ቆመው እያየኋቸው እንዴት እምቢ እላለሁ?"

እኔ እንዴት እንደቻልኩ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሁለት ጊዜ መልሻቸዋለሁ ብያለሁ፤ እንዴት እንደመለስኳቸው ግን አልተናገርኩም። በመጀመሪያው ጊዜ ኩሽናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጎረቤቴን "የለችም በያቸው" ብዬ ላክኋት። በሁለተኛው ጊዜ ከቆርቆሮው በር ጀርባ ቆሜ "ሂዱ፣ የምሰማው የለኝም" አልኩ። ከበሩ ሥር ባለችው ክፍተት ያየሁት እግራቸውን ብቻ ነው። ከመሃል አንድ ጥቁር የፕላስቲክ ጫማና የበትር ጫፍ ነበር። ጸሐይ ላይ ብዙ ቆሙ፤ "አንቺ ልጄ፣ እሺ በይን" የሚል ወፍራም ድምፅ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰማሁ፣ ከዚያ ሄዱ። ያን ቀን እንዳሸነፈ ሰው ራቴን ጥሩ አድርጌ በላሁ። እምቢ አልኩ ስል የኖርኩት ሐሰት ነው፤ እኔ ተደብቄ ነበር እንጂ እምቢ ብዬ አላውቅም።

መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አየሁ። ረጅሙ ሰውዬ ከመድረኩ ወርደው ድንኳኑ ጫፍ፣ መምህራን ከምንቀመጥበት ረድፍ አጠገብ ቆመዋል። ጫማቸው ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ድምፁንም ቢሆን መድረኩ ላይ እንደሰማሁት አውቄው ነበር፣ ለራሴ አላምን ብዬ ነው።

ፕሮግራሙ ቀጠለ። ርዕሰ መምህሩ ተናገሩ፣ የወላጅ ተወካይ ተናገሩ፣ የሽልማት አሰጣጥ ተጀመረ። እኔ ቦታዬ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ከእኔ አምስት እርምጃ ርቀው ቆመዋል። ሴቶች ወንበር እየለቀቁ "ይቀመጡ" ሲሏቸው "ግዴለም፣ እግሬን መቀመጥ ያመኛል" ይላሉ። ወደ እኔ አንድ ጊዜም አላዩም። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ምን እየሆነ እንደሆነ የምናውቀው እሳቸውና እኔ ብቻ ነን። ሦስተኛው ይህ ነበር።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ይቁሙ! ማን ቁሙ አላቸው? ተራዬ ደርሶ ለአሥራ አንደኛ ክፍል ተሸላሚዎች የምስክር ወረቀት ስሰጥ የአንዷን ለሌላዋ ሰጥቼ ሁለቱም ልጆች ሲያፍሩ አየሁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። በትሩን ከቀኝ ወደ ግራ አዛወሩ፣ ቆይተው ከግራ ወደ ቀኝ። ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ ሽርጣቸው ያስታውቃል። ባለቤቴ ከዚያ ካሴት ላይ የሚወደው ዘፈን የባሪያዎቹ አለቃ የሚዘፍነው ነበር፤ ከፍ ብላችሁ የተቀመጣችሁ ከታች ያለው ሰው ወንድማችሁ እንደሆነ የማታውቁት ዝቅ ብላችሁ ስላላያችሁ ነው እንደማለት ነው። ይህን ዘፈን ለሃያ ዓመት ወድጄዋለሁ፤ ዝቅ ብዬ ያየሁት ግን በበር ሥር ጫማ ብቻ ነው።

ተነሳሁ። ባዶ ወንበር ፈልጌ አጣሁ፤ የቀረው መድረኩ ላይ ያለው ዙፋን ብቻ ነው። ከባድ ነው፣ አልነሳ ሲለኝ ጎተትኩት። እግሩ የድንኳኑን ወለል እየፋቀ ሲንቋቋ ርዕሰ መምህሩ የተሸላሚ ስም መጥራታቸውን አቋረጡ። ቀይ መጋረጃው ተጠልፎብኝ ልወድቅም ነበር። አምጥቼ ሽማግሌው ፊት አቆምኩት።

"ይቀመጡ አባባ" አልኳቸው።

ወንበሩን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ዝቅ ባለ ድምፅ "ለድራማው ነው ለልጅሽ?" አሉኝ።

"ለልጄ።"

"ኤዬ" ብለው ተቀመጡ። "በይ አሁን ውሃ አምጪ፣ ዋላሂ ልትገድይኝ ነበር።"

በኋላ ስጠይቃቸው ለድራማው ሲጠሯቸው የእኔ ትምህርት ቤት መሆኑን አያውቁም ነበር። የልጅቷ እናት መምህርት መሆኗን ሰምተዋል እንጂ እኔን በአካል አይተውኝ አያውቁም፤ ልጁን ከጥግ ሆኜ "እምቢ" ስለው ነው ይህቺ እሷ መሆን አለባት ያሉት። "ልጆቹ ለሥራቸው ጠሩኝ፣ አንቺን ሳይ የራሴ ሥራ ትዝ አለኝ" አሉ። ልማዱ እሺ ከተባለ በኋላ ልጅና አማች ከሽማግሌ ጋር መጥተው ጉልበት እንዲስሙ ነው፣ ቀኑን እንቁረጥ አሉኝ። እኔ ነኝ የምሄደው አልኳቸው። "እናት ወደ ልጅ? እንዲህ አይደረግም" ብለው ቅር አላቸው። ያቺ ተማሪ የሚምር ጌታ ያው ጌታ ነው ያለችው ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነበር። ልጄ መጥታ ጉልበቴን ብትስም እኔ ምሬያት ልቀመጥ ነው፤ ሦስት ዓመት በር የዘጋሁት ግን እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ በእሳቸው አማርኛም በእኔ የገበያ ኦሮምኛም ማስረዳት ስላልቻልኩ "ናፍቃኛለች" ብቻ አልኳቸው። እሱ ገባቸው።

እሑድ ጠዋት በሚኒባስ ገለምሶ ሄድኩ። ካሴቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ፤ ቴፕ እንደሌላቸው አውቃለሁ፣ ግን ባዶ እጄን መሄድ አልቻልኩም። ቤቱን ጠይቄ አገኘሁት። የግቢው በር ክፍት ነው። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኝ የታጠበ ልብስ ታሰጣለች፣ ነጭ ጋዋኗ ገመዱ ላይ ይንጠባጠባል። ዞር ስትል አየችኝ። ሮጣ አልመጣችም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

"ግቢ፣ ቁጭ በይ" አለችኝ፤ ለማንም እንግዳ የሚባል ዓይነት ነው።

"አልቀመጥም" አልኩ። መንገድ ሙሉ ያጠናሁት ሌላ ነበር፣ አፌ ላይ የመጣው ግን የሽማግሌው ነው። "አጥፍቻለሁ። አጥፍቻለሁ ነው የምልሽ፣ አላጠፋሁም አልልም። እሺ በይኝና እቀመጣለሁ።"

ከሳፋው አንሶላ አንስታ ጨመቀችው፣ ዘረጋችው፣ ጫፍና ጫፉን አስተካከለች። ባሏ ድምፅ ሰምቶ ከቤት ወጣ። ሲያየኝ ደነገጠ፣ ሮጦ ተመልሶ ወንበር ይዞ መጣ። "እማማ፣ ስለ አላህ ይቀመጡ፣ እንዴት ይቆማሉ?" እያለ ሊያስቀምጠኝ ክንዴን ያዘ።

ልጄ ከገመዱ ሳትዞር፣ "ተዋት፣ ትንሽ ትቁም" አለችው።

ቦርሳዬን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ።